ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ፦ ስለ ቧንቧ ውኃና ስለ ክሎሪን

ውኃ ከሰው ልጅ ሕይወት ጋር እንዴት የተሳሰረ መሆኑን ለማስረዳት ቃል ማብዛት አያስፈልግም። ሕፃን ተወልዶ የሚታጠበው በውኃ ነው፤ እንግዳ ከመንገድ ገብቶ ጥሙን የሚቈርጠው በውኃ ነው፤ ወጡም እንጀራውም ያለ ውኃ አይሆንም። እንግዲህ የቤተ ሰቡን ጤንነት ለመጠበቅ የሚያስብ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው በየዕለቱ ወደ ቤቱ የሚገባውን ውኃ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ሳለን፥ የቤቱ እመቤት፥ ዕድሜአቸው ከሰባ ያለፈ እናት፥ በንጹሕ ብርጭቆ ውኃ አምጥተው አቀረቡልን። ውኃው ከቧንቧ ሳይሆን ከሰፈሩ በታች ካለው ምንጭ በጀሪካን የተቀዳ መሆኑን የነገሩን ደስ እያላቸው ነበር። «ልጆቼ፥ የቧንቧውን ትቼዋለሁ» አሉን። «በረኪና በረኪና ይሸታል። ዋሽንግተን ያለችው ልጄም ደውላ፥ ክሎሪን ያለበት ውኃ ነቀርሳ ያመጣል ይላሉና ለሕፃኑ እንዳትሰጪው አለችኝ። ይህ ግን ምንም ሽታ የለው፤ እንደ መስተዋት የጠራ ነው።» ሕፃኑ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ጡት ከተወ ገና ወር አልሞላውም።

እኛም ወዲያው መልስ ለመስጠት አልደፈርንም። የልጃቸው ቃል ከመሬት የተነሣ ወሬ አልነበረምና፤ ሊቃውንት ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የተመራመሩበት ነገር ነው። የእናቲቱ መፍትሔ ግን ከተፈራው ነገር የባሰ አደጋ ሊያመጣ የሚችል ሆኖ ታየን። ሁለቱም ያደረጉት ለሕፃኑ ከማሰብ የተነሣ ነው፤ ነገር ግን መልካም አሳብ ብቻውን ውኃን አያጠራም። ስለዚህ ነገሩን መርምረን እንድንመለስ ቃል ገባንላቸው። ለእርሳቸው ያዘጋጀነው መልስ ለሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቅማል በማለት ከዚህ በታች አቅርበነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሎሪን ወደ ውኃ የገባበት ምክንያት

በ1854 በለንደን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ መቶ ሰዎችን ፈጀ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን መኖሪያ እየጠየቀ ቢመረምር፥ ከሟቾቹ የሚበዙት ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ዳር ከቆመው አንድ የውኃ መሳቢያ ይጠጡ እንደ ነበረ ተረዳ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነገር ነው። ይህች ሴት ከዚያ ሰፈር ለቃ ኮሌራ ወዳልገባበት ወደ ሃምስቴድ ሄዳ ትኖር ነበር። ነገር ግን የድሮ ሰፈርዋን ውኃ ጣዕም ስለምትወድ በየቀኑ ከዚያ መሳቢያ እያስቀዳች ታስመጣ ነበር። ኮሌራው በገባበት ሳምንት እንደ ልማዷ ጠጣችና ሞተች። ውኃው በምላሷ ላይ ምንም ክፉ ምልክት አላሳያትም።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ዐይንና አፍንጫ ምላስም ጭምር ስለ ውኃ ንጽሕና እውነተኛ ምስክሮች አለመሆናቸውን ነው። ኮሌራን፥ ታይፎይድ የሚባለውን የአንጀት ተስቦና ሌላውንም ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን በዐይን አይታዩም፤ ሽታም ጣዕምም የላቸውም።

ተሕዋስያኑን በውኃ ውስጥ ለመግደል ክሎሪን መጠቀም የተጀመረው በመከራ ጊዜ ነው። በ1897 በእንግሊዝ አገር ሜይድስቶን በምትባል ከተማ ታይፎይድ በገባ ጊዜ የውኃው መስመር ክሎሪን ባለበት ኖራ ታጠበ። በ1905 ሊንከን በምትባለው ከተማም እንዲሁ ተደረገ። በመደበኛነት ለአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ክሎሪን የገባበት ውኃ ሳያቋርጥ መሰጠት የጀመረው ግን በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ግዛት በጀርዚ ሲቲ መስከረም 26 ቀን 1908 ነው። ይህን ያደረገው ሐኪም ጆን ሊል የሚባል ነበር። አባቱም ሐኪም ሲሆን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በያዘው የአንጀት ሕመም ለብዙ ዓመታት ሲሠቃይ ኖሮ የሞተ ነው። በሊል ላይ የተነሣው ክስ ቀላል አልነበረም፤ «በሕዝብ ውኃ ላይ መርዝ ጨመረ» የሚሉት ብዙዎች ነበሩ። ነገሩ በፍርድ ቤት ረዥም ክርክር ከተደረገበት በኋላ አሠራሩ ተቀባይነት አገኘ።

ፍሬውም ብዙ ሳይቈይ ታየ። በ1900 በአሜሪካ ከ100,000 ሰዎች መካከል 100 ያህሉ በየዓመቱ በታይፎይድ ይያዙ ነበር፤ በ1920 ግን ይህ ቍጥር ወደ 34 ወረደ። ለዚህ ውኃን በአሸዋ ማጥለልና የከተማ ጽዳት መሻሻልም አስተዋጽኦ አድርገዋል፤ ነገር ግን የክሎሪን ድርሻ ከፍ ያለ መሆኑን ብዙዎች ይመሰክራሉ።

በ1974 የተገኘው ነገር

ስድሳ ስድስት ዓመት ያህል ክሎሪን እንዲህ እየተመሰገነ ኖረ። በ1974 ግን በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ የውኃ ድርጅት ኬሚስት የነበረው ዮሃንስ ሮክ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስታወቀ። ከወንዝ የተቀዳው ውኃ ክሎሪን ሳይገባበት ሲመረመር የሌለ፥ ክሎሪን ከገባበት በኋላ ግን የሚገኝ ነገር አየ። ይኸውም ክሎሮፎርምና የክሎሮፎርም ዘመዶች የሆኑ ሌሎች ውሁዶች ነበሩ። ክሎሮፎርም በቀድሞ ዘመን ሐኪሞች በሽተኛን ለቀዶ ጥገና ያስተኙበት የነበረው መድኃኒት ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች በሲንሲናቲ ከተማ ያንኑ ነገር አገኙ።

ክሎሮፎርሙ ከየት መጣ? ማንም አልጨመረውም፤ በውኃው ውስጥ ተወለደ እንጂ። የወንዝና የግድብ ውኃ ከዝናብ ጋር የወረደ አፈር፥ የበሰበሰ ቅጠልና ሣር፥ የሞተ አልጌም ይገኝበታል። ሻይ ቅጠል በፈላ ውኃ ውስጥ ቀለሙን እንደሚለቅ፥ የበሰበሰውም ቅጠል ከውስጡ ልዩ ልዩ ነገሮችን ወደ ውኃው ይለቃል። ክሎሪን ተሕዋስያንን ለመግደል ሲገባ ከእነዚህ ጋር ይገናኝና ይዋሐዳል። ከመዋሐዱ የሚገኙት ነገሮች የክሎሪን ተረፈ ምርቶች ይባላሉ። ዋነኞቹ ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንደኛው ትራይሃሎሜቴን ሲሆን ክሎሮፎርም ከዚህ ወገን ነው፤ ሁለተኛው ሃሎአሴቲክ አሲድ ይባላል። ዛሬ ሊቃውንት ለይተው ያወቋቸው ተረፈ ምርቶች ከ600 ይበልጣሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። እመቤቲቱን ያስመረራቸው የበረኪና ሽታ የራሱ የክሎሪኑ ሽታ ነው እንጂ የተረፈ ምርቶቹ አይደለም። እነዚህ በውኃ ውስጥ በሚገኙበት መጠን አይሸቱም። ስለዚህ ሽታው መኖሩ መርዝ ስለ መኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚያመለክተው ዘበኛው ገና በሥራው ላይ መሆኑን ነው።

የሮክ ግኝት ብዙ ሕዝብ አስደነገጠ። በዚያው በ1974 የሚሲሲፒን ወንዝ ውኃ በሚጠጡት በኒው ኦርሊንስ አካባቢ ነዋሪዎች ላይ ስለ ውኃውና ስለ ነቀርሳ የተጻፈ ጥናት ወጥቶ ብዙ ተነገረለት። ታኅሣሥ 16 ቀን 1974 ፕሬዚዳንት ፎርድ የአሜሪካን የመጠጥ ውኃ ደኅንነት ሕግ ፈረሙ። በ1976 የአሜሪካ የካንሰር ተቋም ክሎሮፎርም በብዛት በተሰጣቸው አይጦች ላይ የጉበትና የኩላሊት ነቀርሳ መታየቱን ገለጠ፤ በዚያው ዓመት ክሎሮፎርም ከመድኃኒትና ከመዋቢያ ዕቃዎች ሁሉ እንዲወጣ ታዘዘ። በ1979 በአሜሪካ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የትራይሃሎሜቴን ድምር ከ100 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በ1998 ወደ 80 ዝቅ ተደርጎ ለሃሎአሴቲክ አሲድ ደግሞ 60 ተወሰነለት። የአውሮፓ ኅብረት ለትራይሃሎሜቴን የወሰነው ልክ 100 ነው።

አደጋው ምን ያህል ነው?

ማይክሮግራም የሚለው ቃል ለአንባቢው እንግዳ ሊሆን ስለሚችል በቤት ዕቃ እንመስለው። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ እስከ አፉ ቢሞላና በሊትር 80 ማይክሮግራም ቢኖርበት፥ በሮቶው ሙሉ የሚገኘው ከአንድ ግራም አንድ ዐሥረኛ ያነሰ ነው። እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሰው ውኃ የሚጠጣው አንድ ቀን ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሆነ ጥቂት ነው ተብሎ አይናቅም።

ብዙ ዓመት ተረፈ ምርት የበዛበት ውኃ በጠጡ ሰዎች ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ደጋግሞ የታየው የፊኛ ነቀርሳ በመጠኑ ከፍ ማለቱ ነው። በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሚከሠተው የፊኛ ነቀርሳ ከመቶው አምስት ያህሉ፥ ማለት በዓመት 6,500 ያህል በሽተኞች፥ ከትራይሃሎሜቴን ጋር ሊያያዝ ይችላል ሲል ገምቷል። በዚያን ጊዜ በነዚህ አገሮች ውኃ ውስጥ የተገኘው አማካይ መጠን በሊትር 12 ማይክሮግራም ያህል ነበር፤ ከተወሰነው ልክ እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ሊቃውንት ልኩ ከዚህ ዝቅ ሊል ይገባዋል ይላሉ። በነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ ጉዳት አገኘን የሚሉ አሉ፥ አላገኘንም የሚሉም አሉ።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ክሎሮፎርምን በሰው ላይ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ከሚጠረጠሩት ተራ መድቦታል። ክሎሪን የገባበትን የመጠጥ ውኃ ራሱን ግን በ1991 መርምሮ ማስረጃው ለፍርድ የሚበቃ አይደለም ብሏል። እንግዲህ ልጅቱ ከዋሽንግተን የተናገረችው ነገር ሥር አለው፤ ሆኖም ጥርጣሬና መጠነኛ አደጋ ነው እንጂ የጠጣ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ በሌላው የሚዛን ወገን ያለውን እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ንጹሕ ውኃ፥ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ከማጣት የተነሣ በተቅማጥ ብቻ በየዓመቱ 1,000,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከነዚህም ዕድሜአቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑት ሕፃናት 395,000 ይደርሳሉ። በአገራችንም በነሐሴ 2022 በባሌ የተነሣው ኮሌራ ከክልል ወደ ክልል ተዛምቶ ብዙ ቤት አንኳኳ። በ2023 በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ ብዙ ሕዝብ ለጸበል በሚሰበሰብበት በበርሜል ጊዮርጊስ ታየ፤ ሰው በአንድ ስፍራ ሲበዛ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ካልተመቻቸ ደዌው መንገድ ያገኛል። የፊኛ ነቀርሳ ቢመጣም የሚመጣው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው፤ ኮሌራ ግን ሕፃንን ጧት ይዞ ማታ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ተረፈ ምርቶች ልክ ሲወስን፥ እነዚህን ለመቀነስ ሲባል ተሕዋስያንን የመግደል ሥራ ፈጽሞ እንዳይጓደል ያሳስባል።

ከድጡ ወደ ማጡ

አንዱን አደጋ ሲሸሹ ሌላ አደጋ ላይ መውደቅ እንዳለ የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮችን እናንሣ።

በጥር 1991 በፔሩ አገር በባሕር ዳር ከተሞች ኮሌራ ተነሣ። በዚያ ዓመት ብቻ ከ320,000 በላይ ሰዎች ታመው 2,900 ያህሉ ሞቱ። በዚያን ጊዜ «ባለ ሥልጣኖች ነቀርሳን ፈርተው ክሎሪን ስላቆሙ ነው» የሚል ወሬ በዓለም ተሰማ። በኋላ ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት ግን ዋናው ምክንያት ይህ አለመሆኑን ተናግረዋል፤ ቧንቧው ያረጀና የሚያፈስ ነበር፤ በትሩሂዮ ከተማ ለምሳሌ ውኃው ከመጀመሪያውም ክሎሪን አይገባበትም ነበር። ምክንያቱ ፍርሃትም ይሁን ቸልታ፥ ውኃው ያለ ዘበኛ መቅረቱ ግን እውነት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ እመቤቲቱ ልጅ በምትኖርበት በዋሽንግተን ከተማ የሆነ ነው። በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ነገሩ የእኛም ነው። የከተማይቱ ውኃ አቅራቢዎች ተረፈ ምርቶችን ለመቀነስ ሲሉ በኅዳር 2000 ክሎሪንን ትተው ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚሰጡት ክሎራሚን በሚባለው ተተኩ። ክሎራሚን ከበሰበሰው ቅጠል ትራፊ ጋር እንደ ክሎሪን ስለማይዋሐድ ትራይሃሎሜቴኑ ቀነሰ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በብዙ ቤቶች ውኃ የሚገባባቸው አሮጌ ቧንቧዎች ከእርሳስ የተሠሩ ነበሩ። ክሎሪኑ ለብዙ ዘመን በቧንቧው ውስጥ ጠንካራ የእርሳስ ዝገት ሠርቶ፥ ያ ዝገት እርሳሱን እንደ ልባስ ሸፍኖት ኖሯል። ክሎራሚን ሲመጣ ልባሱ መሟሟት ጀመረና እርሳስ ወደ መጠጥ ውኃ ገባ። ሕዝቡ ነገሩን በሰፊው ያወቀው በ1996 ወይም በ2000 ሳይሆን በ2004 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ እርሳሱን የሚያስር የፎስፌት ቅመም በውኃው ላይ መጨመር ተጀመረ። በ2009 የታተመ ጥናት በዚያ ዘመን በከተማይቱ ሕፃናት ደም ውስጥ እርሳስ ከፍ ብሎ እንደ ነበረ አሳየ። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ የሚጐዳ መሆኑ የታወቀ ነው።

ከዚህ የምንማረው ባለሙያዎቹን መንቀፍን አይደለም። ውኃ እንደ ቤት መዝጊያ በአንድ ቍልፍ የሚዘጋ አለመሆኑን፥ አንዱ ሲነካ ሌላው እንደሚንቀሳቀስ ነው የምንማረው።

መፍትሔው ከሥሩ ነው

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ብለዋል። የዚህ ጉዳይ መፍትሔም ከዚህ ቃል አይርቅም። ተረፈ ምርት የሚወለደው ክሎሪንና ቈሻሻ ሲገናኙ ነው፤ ስለዚህ ሊወገድ የሚገባው ክሎሪኑ ሳይሆን ክሎሪኑ ከመግባቱ በፊት ቈሻሻው ነው።

ይህም በደረጃ ይሠራል። በመጀመሪያ ግድቡ የሚሞላበት ተፋሰስ በሣርና በዛፍ ተሸፍኖ አፈሩ እንዳይሸረሸር፥ የከብት አዛባና የሰው እዳሪም እንዳይወርድበት ይጠበቃል። ቀጥሎ ውኃው ወደ ማጣሪያ ሲገባ አሉም የሚባለው ቅመም ይጨመርበታል፤ ይህም ጥቃቅኑን ድፍርስ እያያያዘ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ከዚያ በአሸዋ ይጠልላል፤ አቅም ባለበትም ሽታና ቀለም በሚስብ በተለየ ከሰል ውስጥ ያልፋል። ክሎሪኑ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው። እንዲህ ሲደረግ ጥቂት ክሎሪን ብዙ ሥራ ይሠራል፤ የሚዋሐደውም ነገር ስለሚያንስ ተረፈ ምርቱ ያንሳል።

ሆላንዳውያን ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው ሄደውበታል። ሮክ ነገሩን ባገኘባት በዚያች አገር ዛሬ ለሕዝብ የሚታደለው ውኃ ክሎሪን የለበትም። ታዲያ እኛስ ለምን እንደነርሱ አናደርግም የሚል ጠያቂ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ቧንቧው ላይ ነው። በሆላንድ ቧንቧው እምብዛም አያፈስም፤ ውኃውም ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ በግፊት ይሄዳል። በአዲስ አበባ ግን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውኃው በሚቋረጥበት ጊዜ ቧንቧው ባዶ ይሆንና በተሰነጠቀበት በኩል በዙሪያው ካለው እርጥብ መሬት፥ አንዳንዴም ከፍሳሽ፥ ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያን ጊዜ በውኃው ውስጥ የቀረው ጥቂት ክሎሪን ካልጠበቀን የሚጠብቀን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ቤት ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲቀርበት የሚመክረው ስለዚህ ነው።

አዲስ አበባ የምትጠጣው ከለገዳዲ፥ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የጕድጓድ ውኃ ነው። የግድብ ውኃ ከዝናብ የሚጠራቀም ስለ ሆነ በክረምት ይደፈርሳል። ስለዚህ የተፋሰሱን መሬት መጠበቅ ለገበሬው ብቻ ሳይሆን በከተማ ውስጥ ብርጭቆ ለሚያነሣ ሰው ሁሉ የጤና ጉዳይ ነው። ሕዝቡም ከውኃ መሥሪያ ቤቱ በውኃው ውስጥ የቀረው ክሎሪንና የተረፈ ምርቱ መጠን እየተለካ እንዲነገረው ቢጠይቅ ተገቢ ነው። በአሜሪካ እያንዳንዱ የከተማ ውኃ አቅራቢ የምርመራውን ውጤት በየዓመቱ ለደንበኞቹ የመግለጥ ግዴታ አለበት፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ወረቀት ሳያነቡ ባይጥሉት መልካም ነው።

በቤት ውስጥ ልናደርገው የሚገባን

ከሁሉ በፊት ክሎሪን ያለበትን ውኃ ትቶ ወደ አልታከመ ምንጭ ወይም ወንዝ መሄድ አይገባም። በከተማ ውስጥ ያለ ምንጭ ምንም ቢጠራ ከላዩ ስንት መጸዳጃ ቤት እንዳለ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሽታው የሚያስቸግረው ሰው ውኃውን በታጠበ ዕቃ ቀድቶ፥ በንጹሕ ክዳን ከድኖ ቢያሳድረው ሽታው ይቀንሳል። ነገር ግን ሽታው ሲሄድ ዘበኛውም አብሮ ይሄዳልና፥ ያደረው ውኃ በዚያው ቀን ቢጠጣ፥ የሚቀዳውም እጀታ ባለው መቅጃ ሆኖ እጅ ባይገባበት ይሻላል።

ውኃው ደፍርሶ ከመጣ በቤትም ያው የማጣሪያ ጣቢያው ሕግ ይሠራል፤ መጀመሪያ ማጥራት፥ በኋላ ማከም። በዕቃ ውስጥ ይዝቀጥ፤ ላይኛው በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለል፤ ከዚያ ይፍላ፥ ወይም ለመጠጥ ውኃ ተብሎ የሚሸጠው የክሎሪን መድኃኒት በጽሑፉ ላይ በታዘዘው መጠን ይጨመርበት። ለልብስ ማጠቢያ የሚሸጥ፥ በተለይም ሽቶ ያለበት በረኪና ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሕፃናትም ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ክሎሮፎርምም በቀላሉ የሚተን ስለ ሆነ አብዛኛው ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ውኃ ሲፈላም ሆነ በሙቅ ውኃ ገላ ሲታጠቡ መስኮት መክፈት ይገባል፤ ክሎሮፎርም በመጠጥ ብቻ ሳይሆን በትንፋሽና በቆዳም ይገባልና። ሃሎአሴቲክ አሲድ ግን እንደ ክሎሮፎርም አይተንም፤ እርሳስም በመፍላት አይወጣም። አሮጌ የእርሳስ ቧንቧ ባለበት አገር የሚኖሩ ሰዎች ለእርሳስ የተፈተነ ማጣሪያ መጠቀም፥ ለሕፃን ወተትና ለምግብም ከሙቅ ውኃ ቧንቧ አለመቅዳት ይጠበቅባቸዋል። ከሰል ያለበት የቤት ማጣሪያ ተረፈ ምርትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በጊዜው ካልተለወጠ ተሕዋስያን ይራቡበታል።

በመጨረሻም ሮቶና ጀሪካን መታጠብ አለባቸው። ከታች የሚዘቅጠው ጭቃ ከውኃው ጋር የመጣውን ክሎሪን ይበላዋል፤ ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውኃ በዕቃ ርኵሰት ሊበላሽ ይችላል።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ እመቤቲቱ ቤት ተመለስን። በጸጥታ አዳመጡንና፥ «ታዲያ ልጄ ዋሽታኛለች ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። «አይደለም እማማ፥ ልጅዎ እውነት ነግራዎታለች» አልናቸው። «ነገር ግን የነገረችዎ የግማሹን ነው። እርሷ የምትፈራው ነገር ቢመጣ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ምንጩ የሚያመጣው ግን ነገ ሊሆን ይችላል።» ስለ ሃምስቴዷ ሴት ስንነግራቸው ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ተነሥተው ከምንጩ የተቀዳውን ጀሪካን ወደ ደጅ አስወጥተው በአበባ ተክሎቻቸው ላይ አስፈሰሱት። ለሕፃኑ ከቧንቧው ተቀድቶ፥ ፈልቶ፥ በተከደነ ጀበና የቀዘቀዘ ውኃ እንዲሰጠው አዘዙ።

ስንሰናበታቸው ግን፥ «ሽታውን እንድወደው ብቻ አታስገድዱኝ» ብለው ሳቁ። እኛም አላስገደድናቸውም።